ተማሪ ለሬዲዮ ሲደውል፣ ለጋዜጣ ሲጽፍ

«ሄሎ፣ ይሰማል? ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ዋላችሁ? በመጀመሪያ ፕሮግራማችሁን በጣም ነው የምከታተለው፣ በርቱ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን፤ ያው እንግዲህ እኔ ማለት የፈለግኩት...»

ይህን ሰዓት ይዛችሁ በዝግታ አንብቡት። ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ይወስዳል። የቀጥታ ስልክ የሚያስገባ የሬዲዮ ዝግጅት ደግሞ ለአንድ ደዋይ የሚሰጠው ብዙ ጊዜ ከደቂቃ ተኩል አይበልጥም። ምስጋናው አልቆ ወደ ጉዳዩ ሊገባ ሲል «እሺ፣ እናመሰግናለን፣ መስመር ላይ ሌላ አድማጭ እየጠበቀን ነው» ይመጣል። ከግቢ የሚደወሉ ስልኮች አብዛኞቹ እዚህች ላይ ነው ወድቀው የሚቀሩት። የደዋዩ ሐሳብ ደካማ ስለሆነ አይደለም፤ ሳይነገር ስላለቀ ነው።

ከተማሪነት ጀምሮ በሬዲዮ መስመር፣ በጋዜጣ የአንባቢያን ገጽና በካሜራ ፊት ደጋግመን ሞክረን የተረዳነው አንድ ነገር አለ። ተማሪ ከምሁሩም ከባለሥልጣኑም የሚበልጠው በቦታው በመገኘቱ ብቻ ነው። «የትምህርት ጥራት ወድቋል» የሚል ሰው ሞልቷል፤ አዘጋጁም ቢሆን ራሱ ሊለው ይችላል። በእናንተ ሕንፃ ውሃ ከሰኞ እስከ ስንት ቀን እንደጠፋ፣ ቤተ ሙከራው ውስጥ ስንት ዕቃ እንደሚሠራ፣ የላይብረሪው መብራት በስንት ሰዓት እንደሚጠፋ ግን የሚያውቀው እዚያ ያለው ሰው ነው። ስለዚህ ከመደወልም ከመጻፍም በፊት ቁጠሩ።

እንዲህ ያለ ነገር ለማለት ነው፦

«ጤና ይስጥልኝ። የ3ኛ ዓመት የባዮሎጂ ተማሪ ነኝ። በቤተ ሙከራችን 14 ማይክሮስኮፕ አለ፤ የሚሠራው 5 ነው። ክፍላችን 48 ተማሪ ነው። አንዱን ማይክሮስኮፕ አሥር እየሆንን ስለምንጋራው በሁለት ሰዓት ክፍለ ጊዜ ለአንድ ሰው የሚደርሰው 12 ደቂቃ ነው። ዘጠኙ ከተበላሹ ሁለት ሴሚስተር አለፈ። ጥያቄዬ፣ ጥገናው የዲፓርትመንቱ ነው ወይስ የግዥ ክፍሉ?»

ይህ ግማሽ ደቂቃ ገደማ ነው። ረጋ ብሎ የሚናገር ሰው በደቂቃ ከ100 እስከ 120 የአማርኛ ቃል ይናገራል፤ በደቂቃ ተኩል ከ150 ቃል ብዙም የሚዘልቅ ነገር አይገባም ብላችሁ ተነሡ። ከላይ ያለው ንግግር ውስጥ ማንም አልተሰደበም፣ ቁጥሮቹ ተቆጥረው ሊረጋገጡ ይችላሉ፣ መጨረሻውም ጥያቄ ነው። ጥያቄው ትልቅ ጥቅም አለው። አቅራቢው ስልኩን ከዘጋ በኋላ «ጥሩ ጥያቄ ነው፤ የሚመለከታቸውን እንጠይቅልሃለን» የሚልበት በር ያገኛል። በምሬት የተዘጋ ንግግር ግን «ይሰማል፣ አይዞህ» ተብሎ ይታለፋል።

ስልኩ ራሱ

በአዲስ አበባ ሸገር 102.1፣ ፋና 98.1፣ ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 እያላችሁ ስትሄዱ የየጣቢያው ባህል የተለያየ ነው። አንዱ ስልክ የሚያስገባው ለመዝናኛ ሲሆን ሌላው ለአቤቱታ የተለየ ሰዓት አለው፤ አንዳንዱም የአድማጭን ድምፅ ቀድሞ ቀርጾ ነው የሚያሰማው። ከመደወላችሁ በፊት ያንኑ ዝግጅት ቢያንስ ሁለት ጊዜ ሙሉውን አዳምጡት። አቅራቢው ደዋይን በስንት ሰከንድ እንደሚያቋርጥ፣ ምን ብሎ እንደሚጠይቅ፣ መስመሩን በስንት ሰዓት እንደሚከፍት ታውቃላችሁ። ቁጥሩ በአየር ላይ ከተነገረ በኋላ የሚደውል ሰው ከመቶዎች ጋር ይጋፋል፤ ስለዚህ ቁጥሩን ካለፈው ዝግጅት መዝግባችሁ መስመሩ ሊከፈት ጥቂት ሲቀረው ጀምሩ። ከተያዘ ዝጉና እንደገና ሞክሩ፤ ካነሡላችሁም በኋላ ተራ እስኪደርሳችሁ መስመር ላይ መጠበቅ ስላለ ሂሳባችሁ እንዳያልቅባችሁ አስቀድማችሁ ሙሉ።

መጀመሪያ የሚያነሣው አቅራቢው ሳይሆን ፕሮዲውሰሩ ወይም ረዳቱ ነው። ስም፣ ቦታ፣ ስለ ምን እንደምትናገሩ ይጠይቃል። እዚህ ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር መልሱ፦ «ስለ ቤተ ሙከራ ዕቃ፣ ቁጥር ይዤ ነው የደወልኩት።» «ቁጥር ይዤ» የምትለዋ ቃል ብዙ ጊዜ ከተራ በፊት ታስገባለች። ለረዳቱ ያልነገራችሁትን ጉዳይ አየር ላይ ካነሣችሁ ግን ይቆረጣል፤ ሁለተኛም አያስገቧችሁም።

ከዚያ የክፍሉን ሬዲዮ አጥፉ። ድምፁን መቀነስ አይበቃም። የራሳችሁ ድምፅ ከሬዲዮ ዘግይቶ ሲመለስ ጆሯችሁ እሱን ይከተልና ምላሳችሁ ይተሳሰራል፤ አድማጩም «ሬዲዮኑን ይቀንሱት» ሲባል ነው የሚሰማው። በኢንተርኔት የምታዳምጡ ከሆነ መዘግየቱ የባሰ ነው፣ ግማሽ ደቂቃም ሊሆን ይችላል፤ ተራችሁ መድረሱን በስልኩ እንጂ በሬዲዮው አትጠብቁ። ስፒከር አትክፈቱ። የዶርም ኮሪደርና ደረጃ ባዶ ግድግዳ ስለሆነ ድምፅ ያስተጋባል፤ አልጋ፣ ብርድ ልብስና የተሰቀለ ልብስ ያለበት ክፍል ይሻላል። (ብርድ ልብስ ተከናንቦ መደወል የሚያስቅ ይመስላል፤ ከሁሉ የጠራ ድምፅ የሚወጣው ግን ከዚያ ነው።) የክፍል ጓደኞቻችሁንም አስወጡ። ከኋላ አንድ ሰው ሲስቅ ከተሰማ የምትናገሩት ሁሉ ቀልድ ይሆናል።

አቅራቢው አንዳንዴ «ታዲያ ጥፋተኛው ማን ነው ትላለህ?» ይላል። ይህ ወጥመድ ነው፤ ሆን ብሎ ባይሆንም። ስም ከጠራችሁ የማታረጋግጡትን ተናገራችሁ፣ ዝም ካላችሁ ፈራችሁ ትባላላችሁ። «ማን እንደሆነ አላውቅም፤ የማውቀው 9ኙ እንደማይሠሩ ነው» በሉ። ከዚህ የተሻለ መልስ እስካሁን አላገኘንም። ጉዳዩን ወደ ብሔር ወይም ወደ ፓርቲ ሊስቡት ለሚሞክሩም ይኸው መልስ ይሠራል።

የጽሑፍ መልእክት

ስልክ ካልገባላችሁ አጭር ቁጥር አለ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ሒሳብ አለ። በእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ የተጻፈ አንድ የጽሑፍ መልእክት 160 ምልክት ይይዛል። በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ ግን 70 ብቻ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ይከፋፈልና እያንዳንዱ ክፍል 67 ይይዛል። በላቲን የተጻፈ መልእክት ውስጥ አንዲት የግዕዝ ፊደል ወይም አንዲት የፈገግታ ምልክት ከገባች ሙሉው መልእክት ወደ 70 ይወርዳል። ሦስት ክፍል ሆኖ የሄደ መልእክት የሦስት ሒሳብ ሊቆርጥ ይችላል፤ የአጭር ቁጥር ዋጋ ደግሞ ከተራው መልእክት ከፍ ይላል። ክፍሎቹ ተዘበራርቀው የሚደርሱበትም ጊዜ አለ።

«ታዲያ በላቲን ልጻፈው» ትሉ ይሆናል። በላቲን ሲጻፍ ጠ እና ተ፣ ቀ እና ከ፣ ጸ እና ሰ ይደባለቃሉ፤ ሠራ እና ሴራ ደግሞ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ይጻፋሉ። «ዲኑ የሠራው» ብሎ ያመሰገነ ሰው መልእክት «የዲኑ ሴራ» ተብሎ ሊነበብ ይችላል ማለት ነው። አቅራቢው መልእክቱን የሚያነበው ከስክሪን ላይ እየሮጠ ነው፤ የሚያጠራጥር ቃል ሲያጋጥመው ወይ ይዘለዋል ወይ መልእክቱን በሙሉ ይተወዋል። ስለዚህ በግዕዝ ፊደል፣ በሁለት ክፍል፣ ማለትም በ134 ምልክት ውስጥ ጨርሱት። ክፍተትም ነጥብም እንደ ምልክት ይቆጠራል። ሰላምታውን ተዉት፤ በጽሑፍ መልእክት ላይ ነውር የለውም።

ለጋዜጣ

አዲስ ዘመን ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ ሲወጣ የቆየ፣ ዛሬ ዕለታዊ የሆነ ጋዜጣ ነው። የአማርኛው ሪፖርተር ረቡዕና እሑድ ይወጣል፤ «ልናገር» እና «እኔ የምለው» የሚሉ የአስተያየት ዓምዶች አሉት። ይህን የምናነሣው የመውጫ ቀን የመላኪያ ቀንን ስለሚወስን ነው። የአስተያየት ገጽ ከዜና ገጽ ቀድሞ ይዘጋል። ማክሰኞ ማታ የተላከ ጽሑፍ ለረቡዕ አይደርስም፤ ለእሑድ የታሰበም ሳምንቱ አጋማሽ ላይ ቢደርስ ነው የሚታመነው።

መጠኑን ከራሱ ከጋዜጣው ተማሩ። ሦስት ዕትም ያዙና በዚያ ዓምድ የወጣውን አጭሩንና ረጅሙን ጽሑፍ ቃል ቁጠሩ። ደብዳቤ ብዙውን ጊዜ ከ150 እስከ 250 ቃል፣ ሙሉ አስተያየት ደግሞ ከ800 እስከ 1200 ቃል አካባቢ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ለጀማሪ የምንመክረው ደብዳቤውን ነው። 1500 ቃል የጻፈ ተማሪ ላይ አርታኢው ሁለት ምርጫ አለው፣ መቁረጥ ወይም መጣል፤ መጣሉ ይቀልለዋል። የሚቆርጥም ከሆነ ከታች ነው የሚቆርጠው። ስለዚህ ዋናው ጉዳይ የመጀመሪያው አንቀጽ ውስጥ ይግባ። «ትምህርት ለአንድ አገር ዕድገት ቁልፍ ሚና እንዳለው ይታወቃል» ብሎ የሚጀምር ጽሑፍ የመጀመሪያ አንቀጹ ቢጣል ምንም አይጎድልበትም፤ እንግዲህ ራሳችሁ ጣሉት።

የተላከው ጽሑፍ ሳይነበብ የሚቀርበት ትልቁ ምክንያት ግን የፊደል ነገር ነው። በግቢ አካባቢ ባሉ የጽሕፈት አገልግሎት መስጫ ቤቶች ኮምፒውተሮች ላይ እስከ ዛሬ ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ የሚባሉ የድሮ የአማርኛ መጻፊያዎች አሉ። በእነዚህ የድሮ ፊደሎች የተጻፈ ጽሑፍ እዚያው ኮምፒውተር ላይ አማርኛ ይመስላል፤ ያው ፎንት በሌለው ኮምፒውተር ሲከፈት ግን ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደልና ምልክት ይሆናል። ዝግጅት ክፍሉ መልሶ «አልተነበበም» ብሎ አይጽፍላችሁም። በዩኒኮድ፣ ማለትም በየትኛውም ኮምፒውተርና ስልክ በሚነበበው የፊደል አሠራር ጻፉ፤ ኒያላ ወይም አቢሲኒካ ይበቃል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ጽሑፉን ገልብጣችሁ በስልካችሁ ቴሌግራም ላይ ለጥፉት። አማርኛ ሆኖ ከታየ ዩኒኮድ ነው። ሲላክም የወርዱን ፋይል ከፒዲኤፍ ጋር አያይዙ። ፒዲኤፉ መልኩን ያሳያል፣ ወርዱ ለአርትዖት ይሆናል።

አራት ነጥብ በአንድ ምልክት (።) ይጻፍ እንጂ ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ (፡፡) አይደርደር። መስመሩ ዳር ላይ ሲደርስ አንዱ ሁለት ነጥብ እላይ ይቀርና ሌላው ወደ ታችኛው መስመር ይወርዳል፤ ገጽ ሠሪው እያንዳንዱን በእጁ ያርማል፣ ያርማልና ይሰለቻል። ስለ ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ስለ ሰ እና ሠ ግን ብዙ አትጨነቁ። እያንዳንዱ ጋዜጣ የራሱ ልማድ አለው፤ እናንተ «ሃሳብ» ብትሉ እነሱ «ሐሳብ» ያደርጉታል። ርዕሱንም ይቀይሩታል። ይህ የአርታኢ መብት ነው፤ የሚያስከፋው ትርጉሙ ሲቀየር ብቻ ነው።

በእጅ የጻፈ ሰው ፎቶውን በቀን ብርሃን፣ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ፣ ከላይ ቀጥ አድርጎ ያንሣ። በቴሌግራም የሚልከው ከሆነ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላከው፤ እንደ ፎቶ ሲላክ ስለሚጨመቅ ደቃቅ የእጅ ጽሑፍ ይደበዝዛል።

ቁጥርን በተመለከተ ተማሪዎች በጣም የሚሳሳቱበት ምሳሌ እነሆ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በጥቅምት 2015 በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ተሰጠ፤ ውጤቱ በጥር ሲገለጽ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ብዙ ደብዳቤ «ከተማሪዎቻችን 3.3 በመቶ ብቻ ዩኒቨርሲቲ ገቡ» ብሎ ጻፈ። ስህተት ነው። ከ50 በታች ካመጡት ውስጥ ተመርጠው በማካካሻ ትምህርት ዩኒቨርሲቲ የገቡ ብዙዎች ነበሩ። ቁጥሩ ትክክል ሆኖ ትርጉሙ ከተሳሳተ አርታኢው ሌላውንም አያምንም። የተሻሻለን ነገር በድሮው ቁጥር መጻፍም እንዲሁ ነው፤ የምግብ በጀትና የክፍያ ተመን ሲለወጥ በአዲሱ ካልጻፋችሁ የተቋሙ መልስ በአንድ መስመር ያፈርሳችኋል። ዓመተ ምሕረትም በአገራችን አቆጣጠር ይሁን፤ ሁለቱን አቆጣጠር የደባለቀ ጽሑፍ ሰባትና ስምንት ዓመት ይሳሳታል።

ጊዜውም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ግቢ ባዶ በሆነበት በነሐሴ ስለ ዶርም የሚጻፍ ደብዳቤ ማንን ያነቃል? የዕቃና የጥገና ጥያቄ ደግሞ የሚጠቅመው በጀት ሲዘጋጅ ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ሰኔ ማለቂያ ላይ የሚጮህ ሰው ከወጣ ባቡር ኋላ ነው የሚሮጠው። የክረምቱን አጋማሽ ትታችሁ ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ጻፉ።

ከመጻፍ በፊት ማመልከቻ

ስለ ራሳችሁ ተቋም ቅሬታ የምትጽፉ ከሆነ ይህችን አትዝለሉ። መጀመሪያ ለዲኑ ወይም ለሚመለከተው ክፍል ማመልከቻ በሁለት ቅጂ አስገቡ። መዝገብ ቤት ሄዳችሁ በእጃችሁ በሚቀረው ቅጂ ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም አስደርጉ። «ተቀብለናል፣ ሂድ» ቢሏችሁም ያለ ቁጥር አትውጡ። ጋዜጠኛው ጽሑፋችሁን ሲያገኝ የመጀመሪያ ሥራው ወደ ተቋሙ መደወል ነው፤ ተቋሙም የመጀመሪያ መልሱ «ያመለከተን ሰው የለም» ነው። ማኅተም ያለባት ቅጂ ይህን መልስ ትዘጋለች። መረጃ የምትፈልጉ ከሆነም በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት የሕዝብ ተቋም ለጥያቄው በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት፤ ጥያቄው በጽሑፍ ሆኖ ቀን ይኑረው።

ስም የሚደብቅ ሰው ከዝግጅት ክፍሉ አይደብቅ። ስምና ስልክ የሌለው ጽሑፍ ስለማይረጋገጥ አይወጣም። በላዩ ላይ በግልጽ «ስሜ እንዳይወጣ፤ ለዝግጅት ክፍሉ ብቻ» ብላችሁ ጻፉ፣ ስልክ ደውላችሁም አረጋግጡ። ይህም ሆኖ ስም ቀርቶ ሰው የሚታወቅበት መንገድ ብዙ ነው። «በክፍላችን ካለነው አራት ሴቶች አንዷ ነኝ» ካላችሁ ስማችሁን ጻፋችሁ ማለት ነው። የሕንፃ ቁጥር፣ የክፍል ቁጥር፣ «ባለፈው ማክሰኞ ዲኑ ቢሮ ገብቼ» የሚሉትንም እንዲሁ። ከእነዚህ ከአንድ በላይ አትጻፉ።

ሕጉን በተመለከተ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽ መብት ይሰጣል። በአዋጅ ቁጥር 1185/2012 ግን ሐሰተኛ መረጃ ማሰራጨት እስከ 1 ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 50 ሺህ ብር ያስቀጣል፤ በብሮድካስት፣ በኅትመት ወይም ከ5 ሺህ በላይ ተከታይ ባለው ማኅበራዊ ገጽ ከሆነ እስከ 3 ዓመት ወይም እስከ 100 ሺህ ብር ይደርሳል። በአዋጅ ቁጥር 1238/2013 በመገናኛ ብዙኃን የሚፈጸም ስም ማጥፋት ከወንጀልነት ወጥቶ በፍትሐ ብሔር የሚታይ ሆኗል፤ ካሣው ግን አለ። በተግባር ይህ ማለት ያያችሁትንና የሰማችሁትን ለዩ ማለት ነው። «መምህሩ ሦስት ሳምንት አልመጣም» ያየ ሰው ይናገረዋል። «መምህሩ ሌላ ቦታ እየሠራ ነው» ግን ወሬ ነው፤ እውነት ቢሆን እንኳ ማስረጃው በእጃችሁ የለም።

ካሜራ በር ላይ ሲቆም

አራት ኪሎ ወይም ስድስት ኪሎ በር ላይ ማይክሮፎን ይዞ የሚመጣ ጋዜጠኛ የሚወስደው ከ10 እስከ 20 ሰከንድ ነው፤ አምስት ደቂቃ ብትናገሩም። የየትኛው ጣቢያ፣ ለየትኛው ዝግጅት፣ መቼ እንደሚተላለፍ መጀመሪያ ጠይቁ። ጥያቄው ስለሚቆረጥ በመልሳችሁ ውስጥ ድገሙት፦ «አዎ፣ ከባድ ነበር» ሳይሆን «የመውጫ ፈተናው ከባድ ነበር» በሉ። «በአንድ በኩል ጥሩ ነው፤ ነገር ግን...» የሚለውን አነጋገር በጣም ተጠንቀቁ፤ ከ«ነገር ግን» በፊት ያለው ብቻ ይወሰድና አመስጋኝ ሆናችሁ ትወጣላችሁ፣ ወይም ተቃራኒው ይሆናል። ዋናውን በአንድ የማይከፈል ዓረፍተ ነገር ተናገሩና አፋችሁን ዝጉ።

ከወጣ በኋላ

ጋዜጣውን ግዙ፣ ገጹን ፎቶ አንሡ፣ ዋናውን ጽሑፍ ከታተመው ጋር አስተያዩ። ካልወጣ ሁለት ሳምንት ጠብቁና አንድ ጊዜ ብቻ ደውሉ፤ «አይወጣም» ካሏችሁ ወይም ዝም ካሉ ለሌላ ላኩት። በአንድ ጊዜ ለሁለት ጋዜጣ አትላኩ። ሁለቱም ያወጡት ቀን ሁለቱም በር ይዘጋባችኋል።

ተቋሙ መልስ ሊሰጥ ይችላል፤ መልሱንም ጋዜጣው ማውጣት አለበት። መልሱን ስታነቡ ከቁጥሮቻችሁ አንዱ ስህተት ሆኖ ካገኛችሁት በማግሥቱ በሦስት ዓረፍተ ነገር እርማት ላኩ፦ ምን ብዬ ነበር፣ ትክክሉ ይህ ነው፣ የቀረው ጥያቄዬ እንዳለ ነው። 14ቱ ማይክሮስኮፕ 12 ቢሆኑ እንኳ የሚሠሩት 5 ናቸው፤ ጥገናው የማን እንደሆነም ገና አልተመለሰም።